ወለሉ ላይ የተዘረጋው ሳምንት

የልጄ ባል የጂኦግራፊ መምህር ነው። በሚያስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው በጂኦግራፊው አይደለም፤ "ባለሳምንቱ" ነው የሚሉት። የትኛው ክፍል ሰኞ ጠዋት ሒሳብ፣ የትኛው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታሪክ እንደሚማር የሚደለድለው እሱ ነው። ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። መምህሩ ሁሉ ጠዋትን ይፈልጋል፤ ጠዋት ደግሞ ለሁሉ አይበቃም። ከእሱ በፊት የሠሩት ሰዎች አመመን፣ ደከመን እያሉ አንድ በአንድ ሲሸሹ፣ እምቢ ማለት በማያውቀው በኔ ልጅ ላይ ወደቀ። ልጄ የምለው ልጄን ስላገባ ብቻ አይደለም። አንድ ቤት አብረን ስንኖር "አማቼ" የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ።

ሥራውን የሚሠራው እቤት፣ ሳሎን ወለል ላይ ነው። ጠረጴዛ አይበቃውም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ይገፋና የሲሚንቶውን ወለል በጠመኔ ያሰምረዋል። ወደ ጎን ቀኖቹና ሰዓቶቹ፣ ወደ ታች ክፍሎቹ። ከዚያ ከጫማ ካርቶን የተቆረጡ ካርዶቹን ከሣጥን ያወጣል። በእያንዳንዱ ላይ የትምህርቱ ስም በትልልቁ ተጽፏል፤ ሒሳብ በቀይ፣ ታሪክ በቡኒ፣ ጂኦግራፊ በአረንጓዴ፣ ሥዕልና ሙዚቃ በብርቱካናማ። እነዚያን እየደረደረ፣ እያነሳ፣ እየመለሰ በጉልበቱ ሲድህ ይሰነብታል።

ያን ሰሞን ቤታችን የራሱ ሕግ አለው። በርና መስኮት አብረው አይከፈቱም፤ ነፋስ ከገባ ሳምንቱ ይበተናል። መጥረጊያ ሳሎን አይገባም። ስንራመድ እንደ ዶሮ እግራችንን እያነሳን ነው። "እማማ፣ ማክሰኞ ላይ ነው የቆሙት" ይለኛል፤ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ረቡዕ እሻገራለሁ። ልጄ ሻይ ይዛ ስትመጣ በየት በኩል ልለፍ ብላ ትጠይቃለች፤ እሱም ቀና ሳይል በእረፍት ሰዓት በኩል እለፊ ይላታል። የጎረቤት ድመት ደግሞ ሐሙስን ወዳ እዚያው ላይ ትጠቀለላለች፤ እስክትነሳ ሐሙስ አይሠራም።

እኔ ፊደል የለየሁት በእነዚህ ካርዶች ነው። ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው ታዲያ። እሱ ሲድህ እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አየው ነበርና አንድ ቀን ቡኒውን ካርድ አንስቼ ምን ይላል አልኩት። በዚህ ዕድሜ ምን ሊያደርግልዎ ነው አላለኝም። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና በጣቱ እያስያዘ ታሪክ አስባለኝ። ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ሥዕል። ኬሚስትሪ ምላሴን አስሮኝ ከረመ። የፊደሉን ገበታ ጨርሼ ጋዜጣ ማንበብ የጀመርኩት ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩት ሙሉ ነገር ግን ያ ወለል ላይ የተዘረጋው ሳምንት ነበር።

ማንበብ ስችል ያየሁት ነገር አለ። አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ማንም የማይፈልገው ሰዓት ነው። ፀሐይ በምዕራብ በኩል ባሉት መስኮቶች ትገባለች፤ ተማሪው ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ልቡ ቀድሞት ቤቱ ገብቷል። በየዓመቱ እዚያ ቦታ ላይ የምትቀመጠው አረንጓዴዋ ካርድ ናት። የገዛ ትምህርቱ። አንድ ጊዜ ብጠይቀው አጋጣሚ ይሆናል ብሎ ሳቀ። አጋጣሚ በየዓመቱ አይደገምም። መራራዋን ራሱ ከጠጣት ሌላው ምንም ሊለው እንደማይችል አውቆ ነው።

ሌላም አመል አለው። ክፍለ ጊዜ በማይኖረው ሰዓት ከመምህራን ጋር ሻይ አይጠጣም፤ የሌላ መምህር ክፍል ያንኳኳና ከኋላ ልቀመጥ ብሎ ያስፈቅዳል። መጀመሪያ ሰሞን ለዳይሬክተሩ ወሬ የሚያመላልስ መስሏቸው ፊት ነሱት። ከተማሪው እኩል ደብተር አውጥቶ ሲጽፍ፣ ያልገባውን እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ ሲያዩ ግን ተዉት። ባዮሎጂ ክፍል ገብቶ ስለ ሥር ተምሮ ይመጣና፣ ግቢያችን ያለችውን ሎሚ ግንዷ ሥር ሳይሆን ራቅ አድርጌ ውሃ እንዳጠጣት ያዘኛል፤ አፏ እዚያ ነው እያለ። እውነቱን ለመናገር ሎሚዋ ያፈራችው ከዚያ ወዲህ ነው። ትምህርት ሁሉ የሌላው ጎረቤት ነው፣ አጥሩን የሠራነው እኛ ነን ይላል።

ባለፈው ዓመት የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት ሲመጣ ትምህርት ቤቱ አንገቱን ደፋ። በሒሳብ ከወደቀው ያለፈው አነሰ። ስብሰባ ተጠርቶ ወላጆችና መምህራን ከተቀመጡ በኋላ አንድ ነገር ተወሰነ። ከትልልቆቹ ክፍሎች ሥዕልና ሙዚቃ ይውጡ፣ ሰዓታቸው ለሒሳብ ይሰጥ፣ ሒሳብም ሁልጊዜ በጠዋት ይሁን። ሐሳቡን ያመጡት የትልልቆቹን ክፍሎች ሒሳብ ለብቻቸው የሚያስተምሩት አንጋፋው መምህር ናቸው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ፊት ደፍሮ የሚከራከር የለም፤ የኔ ልጅም "ጋሼ" ነው የሚላቸው።

ሥዕልና ሙዚቃን ደርባ የምታስተምረው አንዲት ልጅ እግር መምህርት ናት። ትምህርቶቹ ከወጡ እሷ ትርፍ ትሆናለች፤ ትርፍ የሆነ መምህር ደግሞ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ይዛወራል። እቤቷ የምታስታምማቸው አባት አሏት። አዲሱ ድልድል ሰኞ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀርብ ታዘዘ። እንግዲህ ያቺን ልጅ የሚያስወጣውን ሳምንት በገዛ እጁ የሚሠራው የኔ ልጅ ሆነ ማለት ነው።

እቤት መጥቶ ሶፋውን ገፋ፣ ወለሉን አሰመረ። ብርቱካናማዎቹን ካርዶች ግን ከሣጥኑ አላወጣቸውም። ክዳኑን እንደያዘ ቁጭ አለ።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል የምትገባ ናት። ሒሳብን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ወሬውን ስትሰማ ደግ አደረጉ አለች። አባቷ ከሣጥኑ ቀና ሳይል ሲቀር ባሰባት።

"እውነቱን ልንገርህ አባዬ? ታሪክም ቢወጣ ደስ ይለኛል። የሞቱ ሰዎች ወሬ ምን ያደርግልኛል?"

እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት። እሱ ግን ቡኒዋን ካርድ ከወለሉ አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

"እንግዲያው ያንቺ ናት። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ታሪክ የለም።"

ቀልድ መስሎን ተኛን። በማግስቱ ቁርስ ላይ ልጅቷ እናቷን ጫማዬን መቼ ነው የምትገዢልኝ አለቻት። የቱን ጫማ ብትላት፣ ባለፈው ወር ቃል የገባሽልኝን አለች። ልጄ ወደ ባሏ ዞር አለች።

"ባለፈው ወር የሚባል ነገር አለ እንዴ?"

"የለም" አለ ዳቦውን እየቆረሰ። "ተሰርዟል።"

ልጅቷ ሳቀች፤ ጫማው ግን አልተገዛም። ቆይታ ቁልፏን አጥታ እኔን ስትጠይቀኝ፣ ትላንት የት እንዳኖርሽው እኔ በምን አውቃለሁ፣ ትላንት እኮ ወጥቷል አልኳት። ከጓደኛዋ ጋር ማን መጀመሪያ ተሳደበ በሚል ተጣልታ አባቷን ለሽምግልና ብትፈልገው፣ ማን ምን እንዳለ መስማት ታሪክ ስለሆነ አልችልም አላት። ከሰዓት በኋላ ካርዷን ይዛ መጥታ ማክሰኞ ላይ ወረወረቻት።

"አሸንፋችኋል። ጫማዬን ብቻ ስጡኝ።"

ሁላችንም ሳቅን። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ ሥዕል ግን ይውጣ አለች፣ ሥዕል ቢወጣ ማን ይጎዳል። እሱ ጎንበስ ብሎ የብርቱካናማዎቹን ሣጥን ከደነ።

ከዚያ እንደታዘዘው ሠራ። ቀዩን በቀዩ ላይ እየደረደረ ሁለት ቀን ዋለ። እኔ ከሶፋው ላይ አየዋለሁ። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ምነው አልኩት። አልሆነም ብሎ በጣቱ አሳየኝ። በአንዱ ሰዓት ሦስት ክፍል ላይ ቀይ ካርድ ተቀምጧል። ድሮ የሒሳቡ መምህር አንዱ ክፍል ሲገቡ ሌላው ሥዕል ወይም ሙዚቃ ላይ ይሆን ነበር። አሁን እነዚያ ሲወጡ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ እሳቸውን ይፈልጋል።

"ስብሰባው ላይ የተማሪውን ሰዓት ሲያካፍሉ አስተማሪውን ረሱት" አለኝ። "ጋሼም ራሳቸውን ረሱ።"

እኔ ደስ አለኝ። ታዲያ ተገላገልክ፣ ሄደህ አይሆንም በላቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"ብላቸው ሌላ የሒሳብ መምህር ይፈልጋሉ እማማ። ዘንድሮ ባያገኙ ለከርሞ ያገኛሉ። የሥዕል መምህርቷ የምትቆየው ቀዳዳ መድፈኛ ሆና ነው። ቀዳዳው ሲደፈን ትሄዳለች።"

እሱም ካርዶቹን እንዳሉ ትቷቸው ውጭ ወጣ፤ ሎሚዋን ውሃ አጠጣት፣ ራቅ አድርጎ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሒሳቡ መምህር ራሳቸው መጡ። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ እኔን በአክብሮት ሰላም ብለው፣ ሳምንቴ ደረሰ ወይ አሉ። የኔ ልጅ ወለሉን አሳያቸው።

ከላይ ሆነው ቃኙትና ወዲያው እዚህ ጋ ተሳስተሃል አሉት። አንዱን ቀይ ካርድ በጣታቸው ወደ ቀጣዩ ሰዓት ገፋ አደረጉ። እዚያ ደግሞ ሌላ ቀይ ነበረ። እሱን ወደ ረቡዕ ወሰዱት፤ ረቡዕም ሞልቷል። ኮታቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ጉልበታቸው ወለሉን ነካ። ልጄ ያቀረበችላቸው ሻይ ቀዘቀዘ።

"ሁለት ብሆን ኖሮ ያልቅ ነበር" አሉ በመጨረሻ ላባቸውን እየጠረጉ።

"ባለቤትዎ ምን ይሉ ይሆን ጋሼ?" አለ የኔ ልጅ።

"አንዱንም አልቻለችው።"

ሳቁ፤ ግን እጃቸው ከካርዱ አልተነሳም። ሥራ የያዘው ሰው እንደዚያ ነው። እንዲህ በዓይን ብቻ አይያዝም ብለው የልጅ ልጄን ወረቀት አስመጧት፤ ቀለም ካለሽም ጨምሪ አሏት። የቀለም እርሳሶቿን ከነሣጥኑ ሰጠቻቸው። እሳቸው ሳጥን በሳጥን እየሣሉ፣ ክፍሉን በአንድ ቀለም፣ መምህሩን በሌላ እየቀቡ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ቀስት እየሰደዱ ወረቀቱን ሞሉት። ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ወጥታለች። አንድም ቁጥር አልጻፉም። ልጅቷ ከጀርባቸው ቆማ ስታይ ቆየችና እጇን ዘረጋች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርሳሱን ይመልሱልኝ።"

"ለምን?"

"ሥዕል ተሰርዟል።"

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም አንጋፋ ሰው ተቀየሙን ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው እርሳሱን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ወለሉን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ አሏት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። የተናገረችው ለራሷም ገና ያኔ የገባት ይመስለኛል፤ ወረቀቱን ትክ ብላ እያየች ነበር።

የኔ ልጅ ያን ጊዜ ነው የተናገረው። እሱም ወለሉ ላይ፣ ከእሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጦ።

"ጋሼ፣ አይሆንም ብዬ ገና ሲገቡ ልነግርዎ እችል ነበር። ግን የሥዕል መምህርቷ ቀዳዳ ስለምትደፍን ብቻ እንድትቆይ አልፈልግም። ክፍሏ ከኋላ ተቀምጬ አይቻለሁ። ልጆቹን ግቢ አውጥታ አንዲት መስኮት ታስመለክታቸዋለች፤ ደወል እስኪደወል ያቺኑ አንዲት መስኮት። የሚያውቁትን ሳይሆን የሚያዩትን ነው የምታሥላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ሲመጡ ካርታ ላይ ገደሉን ያዩታል። በፊት መስመር ብቻ ነበር የሚያዩት።"

የሒሳቡ መምህር እርሳሱን በጣቶቻቸው መካከል እያሽከረከሩ አዳመጡት። የወደቁት ልጆች እንቅልፍ እንደነሷቸው፣ ሥዕልን ጠልተው እንዳልሆነ ተናገሩ። አውቃለሁ ጋሼ አላቸው። ቀጥለውም፣ ጂኦሜትሪ ላይ ገና ምስሉን ሲያዩ የትኛው ማዕዘን ከየትኛው እኩል እንደሆነ የሚጠቁሙ ልጆች እንዳሉ፣ ከየት እንዳመጡት ሲገርማቸው እንደኖረ አወጉ። ያንን ከሰው ፊት ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር።

ከዚያ ሁለቱም ካርዶቹን ሰብስበው እንደ አዲስ ጀመሩ። ብርቱካናማዎቹ ከሣጥናቸው ወጡ። ሁሉም የሚፈልገውን አላገኘም። ሒሳብ ለየክፍሉ አንድ ተጨማሪ ሰዓት አገኘ፤ ሙዚቃ ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ እንዲሆን ተስማሙ፤ ለሙዚቃ አዘንኩ። የሥዕል ሰዓት ግን ሳይነካ ቆየ። አንዲት ቀይ ካርድ ግን እጃቸው ላይ ተረፈች። ጠዋቱ ሞልቷል። መምህሩ አንገታቸውን አስግገው አርብ መጨረሻ ላይ ያለው ማን ነው ብለው ጠየቁ። የኔ ልጅ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠመኔ ማራገፍ ጀመረ። እኔ ከሶፋው ላይ መለስኩላቸው።

"ጂኦግራፊ ናት። ሁልጊዜም ጂኦግራፊ ናት።"

"ሁልጊዜ?" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

"ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ።"

የኔን ልጅ አዩት። እኔ በየዓመቱ ለጠዋት ስጨቀጭቅህ አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። አረንጓዴዋን ካርድ ከአርብ አንስተው ቀይዋን በቦታዋ አስቀመጡ። ከሰኞ ጠዋትም የራሳቸውን አንስተው አረንጓዴዋን እዚያ አኖሯት። እሱ ደንግጦ፣ ሒሳብ በዚያ ሰዓት አይሆንም፣ ልጆቹ ያንቀላፋሉ ሲል አቋረጡት።

"ዝም በል አንተ ልጅ። ሒሳብ ዕድሜ ልኩን ማልዶ ሲነሳ ኖሯል። አንድ ቀን ቢያረፍድ አይሞትም።"

ሰኞ ዳይሬክተሩ ዘንድ አብረው ሄዱ። ዳይሬክተሩ ስብሰባው የወሰነው ይህን አይደለም ብሎ ተቆጣ። የሒሳቡ መምህር በቀለም የሞላውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አስረዱት። ዳይሬክተሩም ለዚህ ዓመት ብቻ ፈቀደ፤ የሚቀጥለው ፈተና ውጤት ታይቶ እንደገና ይወሰናል። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ይህን ስጽፍ አላውቅም። የሥዕል መምህርቷ ግን እዚሁ አለች። ልጆቹን አሁንም ወደ መስኮቷ ትወስዳቸዋለች። የልጅ ልጄም መስኮቷን ሦስት ጊዜ ሥላ ሦስቱንም ቀድዳ ጥላለች፤ አይታየኝም እያለች ትበሳጫለች፤ ደግሞ እርሳሷን ታነሳለች።

ትምህርት በተከፈተበት ሰኞ የኔ ልጅ ፊቱ ተለዋውጦ ገባ። ምን ሆንክ አልኩት።

"ተማሪዎቹ ነቅተዋል እማማ።"

"ታዲያ ይህ ክፉ ነው?"

"ስንት ዓመት የተዘጋጀሁት ለሚያንቀላፋ ልጅ ነበር። ዛሬ ጠየቁኝ።"

ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት ሜዳ ሆኖ ሳለ ከተማው ለምን ከወዲህ፣ ዳገቱ ላይ ተሠራ ብለውት ነው። ምን መለስክላቸው ስለው አላውቅም አልኳቸው አለኝ። ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ደብተሩን አነሳና ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ። ክፍለ ጊዜ አልነበረውም።

የሆነውን የነገረችኝ ከሰዓት በኋላ የመጣችው የልጅ ልጄ ናት። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ አባቷ እሷ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ታሪክ ሲማሩ ከኋላ ተቀምጦ፣ ስለ ከተማውና ስለ ወንዙ መምህሩን እንደጠየቀ አወራችኝ። አፈርሽበት እንዴ አልኳት።

"ማፈርስ አላፈርኩም አያቴ" አለች አኩርፋ። "ጥያቄው የኔ ነበር። ከኔ በፊት እጁን አወጣ።"